ልምምድ ያንሳቸዋል

የሰማ ላልሰማ ያሰማ፤ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ቤዝመንት፣ በጀሶ ማቡኪያውና በጥርስ መሞረጃው መካከል ተቀምጦ የሚውለው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ፣ ከሰኞ ረፋድ ጀምሮ የካሜራ ሊቅ ተብሎ መሾሙ በክብር ይገለጻል። ሹመቱን ያጸደቀ አካል የለም። ፈተና አልተሰጠም፣ መሐላም አልተፈጸመም። ተሿሚው ራሱ ሁለት ጊዜ "ትንሽ" አለ፤ አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ክሊኒኩ የዶክተሩ ነው፤ የሱ ታናሽ ልጅ የመጀመሪያ ካሜራዋን ልትገዛ ፈልጋ ማንን ላማክር ስትል፣ ካርድ ክፍል የምትሠራው ሴት "ምን ያስጨንቅሻል፣ እኛ ጋ ሊቀ ጥርስ አለልሽ። ቀኑን ሙሉ ከካሜራ ጋር ነው የሚውለው" አለቻት። ሊቀ ጥርስ የሚሉት እሱን ነው። ያለችውም ውሸት አልነበረም። አዲሱ ጥርስ ከአሮጌዎቹ ጋር ቀለሙ እንዲመሳሰል የታካሚውን አፍ ፎቶ ያነሳል። ካሜራውን ያስተካከለው ግን ከሱ በፊት የነበረው ሠራተኛ ነው። ሲለቅ በየመዘውሩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ "ይቺን ብቻ ተጫን፤ ሌላውን ከነካህ ጉድ ይፈላል" ብሎት ሄደ። ሊቀ ጥርስም ይኸው ያቺን ብቻ ሲጫን ዓመታት አለፉ። ጉድም አልፈላም።

ልጅቷ ቤዝመንቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ ገባች። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ የሚያየው ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን ጥርስ ነው፤ አይቶም ፊቱን ያጨማድዳል። እሷ የጌጥ መደብር መስኮት እንደምታይ ሁሉ ቀረብ ብላ አየቻቸው።

"ካሜራ ታውቃለህ አሉኝ።"

"እኔ የማውቀው አንድ ቁልፍ ነው" ማለት ነበረበት። ምላሱ ላይም ደርሶ ነበር። ግን እጇን ጥርሶቹ አጠገብ አሳርፋ፣ ቀና ብላ አየችው።

"ትንሽ ትንሽ" አለ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ።

በቋንቋችን እንደ "ትንሽ ትንሽ" አደገኛ ቃል የለም። "አውቃለሁ" ያለውን ሰው እንፈትነዋለን። አንገቱን ደፍቶ "ትንሽ ትንሽ" ያለውን ግን የጥልቅ ጉድጓድ ክዳን አድርገን እንወስደዋለን።

"እርስዎ ምን ዓይነት አስበዋል?" አላት፣ ወሬ ለማስቀየር።

"እርስዎ? እኔን ነው? አንተ፣ አባቴን አደረግከኝ እኮ። አንቺ በለኝ።"

"አን... ቺ" አለ። ያለ ማደንዘዣ የተነቀለ ጥርስ ነበር የሚመስለው። እሷ ሳቀች፣ እሱ ደግሞ ያን ዕለት የሠራው ጥርስ ሁሉ ጠመመ።

ካሜራ ቤት የሄዱት አብረው ነው። ሻጩ ሰውነቱ የሳሳ፣ ትዕግሥቱ የወፈረ ሰው ነበር። ባንኮኒው ላይ አንድ ዲኤስኤልአር፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ፣ ካስቀመጠ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት፤ "ምንድን ነው የምታነሺው?"

"ሰው" አለች። "የእህቴ ቀለበት አለ። ቤተሰቡን በሙሉ እኔ ነኝ የማነሳው።"

"እንግዲያው አትቸገሪ። ለጀማሪ አብሮት የሚመጣው ይሄ ሌንስ ይበቃል፤ ሲያሻሽ ታሰፊዋለሽ፣ ሲያሻሽ ታቀርቢዋለሽ። ዋናው ካሜራው አይደለም፤ በሱ ተለማመጂና የሚጎድልሽን ስታውቂ ያን ጊዜ ሌላ ትጨምሪያለሽ።"

ምክሩ እንደ ውሃ የጠራ ነበር፤ ሊቀ ጥርስ ላይ የደረሰውም እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሁሉን ነገር ሻጩ ከተናገረ እሱ ለምን መጣ? ልጅቷ ዞር ብላ "አንተስ ምን ትላለህ?" አለችው። ዓይኑ በመደርደሪያው ላይ ሮጠ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ድብልብል፣ ሁሉም ባዕድ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ግን ክሊኒኩ ካሜራ ላይ ያለው ቁርጥ እሱ ነው። በባዕድ አገር ዘመዱን ያገኘ ያህል ደስ አለው።

"እሱን" አለ። "ያን ረጅሙን።"

"ይሄ እኮ ማክሮ ነው ወንድሜ" አለ ሻጩ። "ለቅርብ የተሠራ ነው። ለጣት ቀለበት፣ ለነፍሳት፣ ለጥርስ። አንቺ ቤት ውስጥ ሰው ሰብስበሽ ላንሳ ብትዪ ግድግዳው አያስኬድሽም።"

እዚህ ላይ ዝም ቢል ይህ ታሪክ ባልተጻፈ። እሱ ግን ክንዱን ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጎ "ሰው ማንሳት ማለት መቅረብ ነው" አለ።

ሻጩ አየው። ልጅቷም አየችው። የሻጩ አስተያየት የሐኪም ነበር፤ የሷ ግን ሌላ ነው። ከንፈሯ እንደ መንቀሳቀስ ብሎ አባባሉን ለራሷ ስትደግመው አየ። ደስታውና ሃፍረቱ በአንድ በር እኩል ሊገቡ ተጋፉ። አብሮት የሚመጣው ቀርቶ ረጅሙ ሌንስ ተገዛ፤ ሌላ ሌንስ የሚጨመርበት አቅም ግን አልቀረላትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሌንሱን ንጽሕና የመሰከሩ ነበሩ። ልጅቷ ምሳ ሰዓት ላይ እየመጣች ቤዝመንቱ ውስጥ ተለማመደች። ቤዝመንቱ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ከቅርብ በቀር የሚነሳ ነገር የለውም። ጀሶ የነካው የጣቱን ጫፍ አነሳችው፤ የጣቱ መስመር የታረሰ ማሳ መሰለ። የሽፋሽፍቱን ጥላ አነሳችው። "አትንቀሳቀስ" ስትለው ትንፋሹን ይይዛል፤ "አሁን ተንፍስ፣ ልትሞትብኝ ነው" ስትለው ይለቃል። ሁለቱም ሌንሱን አመሰገኑ። ሁለቱም ሌንሱን ከቤዝመንት አውጥተው ሰው የሞላበት ክፍል ውስጥ መሞከር ትዝ አላላቸውም። መውጣት አልፈለጉም ነበር ማለቱ ይሻላል።

አንድ ቀን እያነሳችው ሳለ እንዲህ አለችው። "እቤት ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? ጀማሪዋ። ጊታር ጀመርኩ፣ ተውኩ። ሥዕል ጀመርኩ፣ ተውኩ። አሁን ለእህቴ ቀለበት ፎቶ አንሺ እንዳትጠሩ ብያቸዋለሁ። ይሄን ከጨረስኩ ስሜ ይቀየራል።"

"ይቀየራል" አላት። "አንቺ እጅሽ ጥሩ ነው።"

ይህን ሲል አልዋሸም። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ እውነቱን ሲናገር ከውሸቱ ጋር በአንድ ድምፅ ነበር።

የቀለበቱ ዕለት ዶክተሩ በቤቱ በራፍ ላይ ሲያየው ሰላምታውን ዘለለና "ምን ተበላሸ?" አለው። በክሊኒኩ ላይኛው ፎቅ ላይ የሚያየው የሆነ ነገር ሲሰበር ብቻ ነበርና።

"ምንም አልተበላሸም አባዬ" አለች ልጅቷ ከኋላ መጥታ። "እኔ ነኝ የጠራሁት። መምህሬ ነው።"

"የምን መምህር?"

"የፎቶ።"

ዶክተሩ ከጫማው ጀምሮ እስከ ግንባሩ እንደ ራጅ አየው። ውጤቱን ግን አልተናገረም።

ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ግን ሰው ሞልቶበታል። ሙሽሪትና ሙሽራው መሃል፣ የሁለቱም ወገን ወላጆች ግራና ቀኝ፣ አክስቶች ከኋላ፣ አያት ፊት ለፊት በወንበር። ልጅቷ ካሜራዋን አነሳች። ዓይኗን አስጠጋች። ዝቅ አደረገችው። እንደገና አነሳችው።

"ትንሽ ልራቅ" አለች።

ራቀች። አሁንም ራቀች። ጀርባዋ ግድግዳ ነካ።

"ልጄ፣ ወዴት ነው? እኛ እዚህ ነን" አለች አንደኛዋ አክስት።

"ተዋት፣ ካርታ ልታነሳን ነው" አለ የሙሽራው ወንድም።

ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ከዚያ የበሩ መቃን አክስቶቹን ቆረጣቸው። ወደ ግቢው ወጥታ በመስኮት ሞከረች፤ ካፊያ ነበር፣ መስታወቱም ከቤተሰቡ ይልቅ የራሷን ፊት መለሰላት። ከውስጥ አንዱ "ሻንጣ እናቀብልሽ?" አለ፤ ሳቁ ጥርስ የሚያስከድን አልነበረም። ፀጉሯ ረጥቦ ተመልሳ ስትገባ ቀጥ ብላ ወደሱ መጣችና የካሜራውን ስክሪን አሳየችው። ስክሪኑ ላይ የአጎቷ አፍንጫ ነበር። እጅግ የጠራ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳው የሚቆጠር አፍንጫ።

"ምን ላድርግ?" አለችው በሹክሹክታ። "የሆነ ቁልፍ ይኖረዋል አይደል? ንገረኝ።"

የሚያውቃት ያቺ አንዷ ቁልፍ ናት፤ እሷን ደግሞ ተጭናታለች። የሻጩ ድምፅ ጆሮው ላይ መጣ፤ ግድግዳው አያስኬድሽም።

ያን ጊዜ ዶክተሩ ከሰልፉ መሃል ተናገረ። "እስቲ መምህሩ ይንገረን። ችግሩ ከዕቃው ነው ወይስ ከልጄ?"

ልጅቷ ሊቀ ጥርስን አየችው። አስተያየቷ ጥያቄ አልነበረውም፤ መልሱን ያገኘች ሰው አስተያየት ነበር። ሌንሱ ነው፣ ያስመረጥኳት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ትንሽ ዓረፍተ ነገር ናት። ግን ዶክተሩ ቆሟል፣ ሙሉ ልብስ የለበሱት ሁሉ ቆመዋል፤ እሱም የራሱን ጫማ አየ፣ ስፌቱ ውስጥ ጀሶ ነበረበት።

"ዕቃውስ ምንም አይወጣለትም፣ ዶክተር" አለ። "ልምምድ ነው። ልምምድ... ያንሳቸዋል።"

ያንሳቸዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጥፋቱን በሷ ላይ መጣሉ አልበቃ ብሎት፣ ሳምንታት ሙሉ "አንቺ" ያላትን ልጅ፣ ሽፋሽፍቱን የቆጠረችውን ልጅ፣ አባቷ ፊት "እሳቸው" አደረጋት። አክብሮት አንዳንዴ አጥር ነው፤ ከውጭ ያለው ሰው እንዳይገባ ሳይሆን ከውስጥ ያለው አምልጦ እንዲሄድ የሚሠራ አጥር።

"አላልኩም?" አለ ዶክተሩ። "ጊታሩንም ልምምድ ነበር ያነሰው።"

ሳሎኑ ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፤ ቤተሰብ በሚያውቀው ቀልድ የሚስቀው ሳቅ ነው። የሙሽራው ወንድም ስልኩን አወጣና አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስገባቸው። ልጅቷን "ነይ ግቢ እንጂ" አሏት። ሄዳ ጥግ ላይ ቆመች፣ ካሜራውን ሆዷ ላይ ታቅፋ። ፈገግ በይ ሲሏት ፈገግ አለች። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ የሙያው ሰው ሆኖ እንደዚያ ቀን አምኖበት አያውቅም። በዚያ ሁሉ ፈገግታ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ወደሱ አላየችም።

ሊቀ ጥርስ እቤቱ ሲገባ ታላቅ እህቱ መርፌዎች በከንፈሯ ይዛ የሰው ቀሚስ እየሰፋች ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳት፤ የክፍሉን ስፋት፣ የሌንሱን ርዝመት፣ የብርሃኑን ነገር። እሷ እያዳመጠች ሰፋች። "ልምምድ ያንሳቸዋል" የሚለው ጋ ሲደርስ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አወጣች።

"ሰው ፊት?"

"አባቷ ፊት።"

"አንተ ልጅ፣ ሃፍረቱ የመጣው ላንተ ነበር እኮ። ተቀብለህ ለሷ አሳለፍክላት።"

"ደንግጬ ነው እትዬ።"

"እሷስ አልደነገጠችም?" አለችና መርፌዎቿን መልሳ ያዘች።

መልእክት ሊጽፍላት ሞከረ። ስለ ማክሮ፣ ስለ ሰፊና ጠባብ ሌንስ፣ አንድ ጀማሪ መጀመሪያ ምን መግዛት እንዳለበት ጻፈ፤ አሁን በደንብ አንብቦ ነበር። ሲያነበው ሌንሱ ሁሉ አለ፣ እሱ ግን የለም። አጠፋው። እንደገና ጻፈ፤ አሁንም ሌንሱ ብቻ። በመጨረሻ ስልኩን ትራሱ ሥር ከትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እሷ የመጣችው በሳምንቱ፣ በምሳ ሰዓት ነው። ሌንሱን ከካሜራው ፈትታው ነበር። ጠረጴዛው ላይ፣ ያላለቁት ጥርሶች መካከል አስቀመጠችው።

"ይሄ የዚህ ክፍል ነው" አለች። "እዚህ ጥሩ ነበር።"

"አዳምጪኝ፣ ሳሎኑ ካሜራው..."

"ሌንሱን አታስረዳኝ። ሻጩ ጋ ሄጄ አስረድቶኛል። ነግሬሽ ነበር እንኳ አላለኝም፣ ጨዋ ሰው ነው።" ድምጿ አልጨመረም። "ባለማወቅህ አልተቀየምኩህም። እኔም አላውቅም ነበር፤ አብረን መሳቅ እንችል ነበር። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ልምምድ ያንሳቸዋል ያልካቸው ሴትዮ ማን ናቸው? እዚያ ቆሜ ነበር፣ አላየኋቸውም።"

ካላለቁት ጥርሶች አንዱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

"ደንግጬ ነው" አለ።

"አውቃለሁ። እኔም የምፈራው አባቴን ነው" አለች። "ካሜራውን ከጊታሩና ከሥዕሉ ጋር በአንድ ከረጢት ከቶ አስሮታል። አሁን እኔ ሌንሱ ነው ብዬ ብነግረው ሰበብ ነው የሚለኝ። ተወው።"

ከቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ ወጣች። ሌንሱ ጥርሶቹ መካከል ቀረ፤ መስታወቱ ላይ የሷ የጣት አሻራ ነበረበት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይወለውለው ነበር። አልነካውም። ያቦካው ጀሶ ሳህኑ ውስጥ ቀስ እያለ ሲጠጥር አየ፤ ጀሶ ደግሞ ከጠጠረ በኋላ ቅርጹን መቀየር እንደማይቻል ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

መደገፊያውን ሳይይዝ ደረጃውን ወጣ። ሽርጡን እንኳ አላወለቀም። ተራ መጠበቂያው ውስጥ ጉንጫቸውን የያዙ ሰዎች ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ካርድ መስጫው አጠገብ ቆሞ ወረቀት ይፈርማል። ልጅቷ ልትሄድ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከአባቷ የመኪና ቁልፍ ትጠብቃለች።

"ዶክተር" አለ ሊቀ ጥርስ።

ዶክተሩ ቀና አላለም። "ምን ተበላሸ?"

"እኔ ነኝ።"

አሁን ቀና አለ።

"የቀለበቱ ዕለት ልምምድ አላነሳትም" አለ ሊቀ ጥርስ። "ሌንሱ ለጥርስ የተሠራ ነው፤ ቤተሰብ አይችልም። ሻጩ ነግሮን ነበር። አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ። ካሜራ አላውቅም። ታች ያለውንም አላውቀውም፤ አንድ ቁልፍ ነው የምጫነው። ሲጠይቁኝ ዋሸሁ፣ ጥፋቱንም በሷ ላይ ጣልኩ። እሷ ምንም አላጠፋችም። በሚሆን ሌንስ ብትሠራ ኖሮ ሁላችሁንም ታወጣችሁ ነበር።"

የካርድ ክፍሏ ሴት መጻፏን አቆመች። አንድ ግማሽ አፉ የደነዘዘ ታካሚ "ቀጥል ልጄ" ሊል ፈልጎ "ቀፅል ልዤ" አለ።

"እሷ?" አለ ዶክተሩ።

ሊቀ ጥርስ ቃሉን ሰማው። ወደ "እሳቸው" ሊያርመው ይችል ነበር። አላረመውም። የሃፍረት ዓይነት ሁሉ አንድ ላይ መጣበት። ግን የዚህኛውን ባለቤት ያውቀዋል፤ ለማንም አላሳለፈውም። ልጅቷ የቦርሳዋን ማንገቻ ይዛ ቆማለች። ልታግዘው አልሞከረችም፤ ዓይኗንም አልነቀለችም። ከቅርብ ታየው እንደነበረው ነበር የምታየው፣ ትንፋሹን እስኪለቅ እየጠበቀች።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን ካርዱ ላይ አስቀመጠ። "ይሁን። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንተ ጠንቃቃ ሠራተኛ ነህ፣ የማታውቀውን ስትነካ አይቼህ አላውቅም። ታዲያ የማታውቀውን ካሜራ አውቃለሁ ያልከው ለምንድን ነው?"

መልሱ ነበረው። እጇን ጥርሶቹ አጠገብ አሳርፋ ቀና ብላ ካየችው ከዚያ ሰኞ ረፋድ ጀምሮ ነበረው። እዚህ፣ አባቷ ፊት፣ ጉንጫቸውን የያዙ ሰዎች ፊት ቢያወጣው ግን እንደገና ሰው መሃል የምትቆመው እሷ ናት።

"አልናገርም" አለ።

"እንዴት ነው የማትናገረው? ጠየቅኩህ እኮ።"

"ሰምቻለሁ ዶክተር። አልናገርም።"